ካርዱን ከመምረጥሽ በፊት የኮምፒውተሩን ጎን ክፈቺ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ የአርክቴክቸር ምሩቅ ናት። አራት ኪሎ አካባቢ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ክፍል ትሠራለች። ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7040 ታወር አላት፤ 6ኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ ኡቡንቱ የሚባለው ሊኑክስ የተጫነበት። በብሌንደር የቤት ዲዛይን ታሳያለች፣ በኬደንላይቭ አጫጭር ቪዲዮ ትቆርጣለች፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭንም መሞከር አምሯታል። ሻጩ ሦስት ያገለገሉ ግራፊክስ ካርዶች አቀረበላት፦ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ባለ 6 ጊጋ፣ አርኤክስ 6600 ባለ 8 ጊጋ። «ለገንዘቤ የሚያዋጣኝ የቱ ነው? ድራይቨር ስጭን ማደር አልፈልግም» ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ የማትወጂውን ልንገርሽ። ሦስቱም ካርዶች አሁን ባለሽ ሳጥን ውስጥ እንዳለ አይሠሩም። ሻጩ ይህን ካልነገረሽ ወይ አላወቀም፣ ወይ ማወቅ አልፈለገም።

የኮምፒውተሩን ጎን ክፈቺና ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቢ። በዚህ ሞዴል ታወር ላይ አብዛኛውን ጊዜ 240 ዋት ይላል። ካርዱ የሚሰካበት ቦታ ራሱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ በተጨማሪ ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ ይወስዳል። አርኤክስ 580 በፋብሪካ ልኩ 185 ዋት ይበላል። አርኤክስ 6600 132፣ 1660 ሱፐር ደግሞ 125 ዋት። ያንቺ ፓወር ሰፕላይ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ ጭራሽ የለውም።

«ለዚህ መቀየሪያ ገመድ አለ» የሚልሽ ሰው ይመጣል። ከሃርድ ዲስክ ገመድ ጠልፎ ወደ ባለ 8 እግር መሰኪያ የሚቀይር ነው። እባክሽ እሱን እምቢ በይ። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ የተሰካ ማሽን አምጥቶልኝ ነበር። የፕላስቲኩ መሰኪያ እንደ ሻማ ቀልጦ ካርዱ ላይ ተጣብቋል። በፒንሳ ነው የፈለቀቅኩት። ካርዱ ተረፈ፣ ሃርድ ዲስኩ አልተረፈም።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለሽ። ወይ ፓወር ሰፕላዩን መቀየር፣ ወይ ከ75 ዋት የማያልፍ ካርድ መግዛት። ወደዚያ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን የድራይቨሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ካርዱን የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ ነገር ላስረዳሽ፤ የዋጋው ጨዋታ ያለው እሱ ውስጥ ነው።

ሊኑክስ ላይ የግራፊክስ ድራይቨር ሁለት ቦታ ተቀምጧል። ግማሹ የሲስተሙ እምብርት በሆነው ከርነሉ ውስጥ ነው። ግማሹ ሜሳ በሚባለው ጥቅል ውስጥ ነው። የአርኤክስ ካርዶች አምራች ኤኤምዲ እና ኢንቴል ሁለቱንም ማንም ሊያየውና ሊያስተካክለው በሚችል ክፍት ኮድ ነው የሚያወጡት። ከኡቡንቱ ጋር አብረው ይመጣሉ። ካርዱን ትሰኪያለሽ፣ ማሽኑን ታበሪያለሽ፣ በቃ። ከድረ ገጽ የሚወርድ ነገር የለም። ካርዱ ላይ የሚጫነው ፈርምዌር፣ ማለትም የካርዱ የውስጥ ፕሮግራም፣ ዝግ መሆኑን ግን አልደብቅሽም። «ሙሉ በሙሉ ክፍት» የሚባል ዘመናዊ ካርድ ገበያ ላይ የለም። ፈርምዌሩ ግን አንቺን አያስቸግርሽም፤ እሱም ከኡቡንቱ ጋር ተጠቅልሎ ይመጣል።

የጂቲኤክስና የአርቲኤክስ ካርዶች አምራች ኤንቪዲያ ታሪኩ ሌላ ነው። ለዓመታት ድራይቨሩን ዘግቶ ኖረ። የሊኑክስ አባት ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንድ ውስጥ ካሜራ ፊት የመሐል ጣቱን ያሳየው በዚህ ተናድዶ ነው። በጎ ፈቃደኞች ካርዶቹን ከውጭ እየመረመሩ ኑቮ የሚባል ክፍት ድራይቨር ሠሩ። ከጂቲኤክስ 900 ትውልድ ጀምሮ ግን ካርዶቹ ኩባንያው ራሱ የፈረመበትን ፈርምዌር ብቻ መቀበል ጀመሩ። ኑቮ የካርዱን ፍጥነት ከፍ ማድረግ አቃተው። ለዚህ ነው 900 እና 1000 ተከታታይ ካርዶች በክፍት ድራይቨር እንደ ኤሊ የሚሄዱት። ስዕል ያሳያሉ፣ ሥራ አይሠሩም።

በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ነገሩ ተቀየረ። ኤንቪዲያ የከርነሉን ግማሽ ከፈተ። የሚሠራው ግን ቱሪንግ ከሚባለው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ ማለትም ጂቲኤክስ 16 እና አርቲኤክስ 20 ከዚያም ወዲህ። እነዚህ ካርዶች ውስጣቸው ጂኤስፒ የሚባል ትንሽ ፕሮሰሰር አላቸው። ድሮ ድራይቨሩ ይሠራው ከነበረው ብዙው ወደ እሱ ሄዷል። ኑቮም ከከርነል 6.7 ጀምሮ በዚሁ በኩል ፍጥነቱን ማዘዝ ቻለ። ሜሳ ውስጥ ደግሞ ኤንቪኬ የሚባል ክፍት ድራይቨር አለ። ተስፋ ሰጪ ነው። ላንቺ ግን ገና አይበቃም፤ ብሌንደር በኤንቪዲያ ካርድ ሬንደር ለማድረግ፣ ማለትም የመጨረሻውን ሥዕል ለማውጣት፣ ኩዳ ወይም ኦፕቲክስ የሚባሉትን የኤንቪዲያ የስሌት መሣሪያዎች ይፈልጋል፣ ሁለቱም ያሉት በዝጉ ግማሽ ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ለታሪክ አይደለም። ያገለገለ ካርድ ስትገዢ የምትገዢው የቀረውን ዕድሜ ነው። ዋጋውን በሚቀረው ዓመት አካፍዪው። የዓመቱን ቁጥር የሚወስነው ደግሞ የካርዱ ፋን ብቻ አይደለም፣ ድራይቨሩን ማን እንደያዘው ነው።

አንድ ምሳሌ ላምጣ። ካዛንቺስ የነበረ አንድ ትንሽ ቢሮ ጂቲኤክስ 760 የገጠመ ማሽን ነበረው። የ2013 እ.ኤ.አ. ካርድ ነው። ለዚያ ትውልድ የመጨረሻው የኤንቪዲያ ድራይቨር 470 ነበር፤ ኩባንያው በ2024 እጁን አነሳ። ቢሮው ውስጥ አንድ ልጅ ማታ ኡቡንቱን ወደ አዲሱ አሳደገ። ጠዋት ስክሪኑ ላይ የተነፋፋ ትልልቅ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚታየው። ድራይቨሩ ከአዲሱ ከርነል ጋር አልገጥም አለ። እኔን የጠሩኝ ሥራ ማስረከቢያቸው ቀን ነው። በሞባይል ዳታ የድሮውን ከርነል እያወረድን፣ መብራት አንዴ ሄዶ እየመጣ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ተሳካ። ምሳ እነሱ ጋበዙኝ፤ ሽሮው ጥሩ ነበር።

እዚያው ቢሮ ከጎኑ ያለው ማሽን ራዲዮን ኤችዲ 7850 ነበረው። በአንድ ዓመት የሚበልጥ ካርድ ነው፣ የ2012 እ.ኤ.አ.። ማንም አልነካውም። ዛሬም ይሠራል። እንዲያውም ከርነል 6.19 ላይ ይህ ያረጀ ትውልድ ከድሮው ራዲዮን ድራይቨር ወደ አዲሱ ኤኤምዲጂፒዩ ተዛወረ። ሥራውን የሠሩት ኤኤምዲ ውስጥ ያሉ ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ ስቲም የሚባለውን የጌም መደብር በሚያስተዳድረው በቫልቭ በኩል ያሉ ባለሙያዎችም ናቸው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ኩባንያው ቢሰለች ሌላ ሰው ይቀጥላል። ልዩነቱ ይኸው ነው። ሌላ ምንም አስማት የለውም።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ካርዶችሽ።

አርኤክስ 580ን ተዪው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ድራይቨሩ እንከን የለውም፣ ሜሳ ላይ እንደ ውሃ ይፈሳል። ችግሩ ሌላ ነው። ብሌንደር ከ3.0 ጀምሮ ኦፕንሲኤል የሚባለውን የድሮ የሬንደር መንገድ አስወጥቷል። በኤኤምዲ ካርድ ሬንደር የሚያደርገው አሁን ኤችአይፒ በሚባለው ነው፤ ኤችአይፒ ደግሞ የ580ን ትውልድ አያውቀውም። ስለዚህ ሳይክልስ በሚባለው የብሌንደር የጥራት ሞተር ሬንደር ስታደርጊ ካርዱ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ፕሮሰሰሩ ይሠቃያል። ገንዘብሽን ላላስፈላጊ ዋት ትከፍያለሽ ማለት ነው። በዚያ ላይ ከእነዚህ ካርዶች ብዙዎቹ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ይቆፍሩ ከነበሩ ማሽኖች፣ «ማዕድን» ከሚሉት ሥራ፣ የወጡ ናቸው። ኢቴሪየም በመስከረም 2022 በካርድ መቆፈሩን ሲያቆም በጅምላ ወደ ገበያ ፈሰሱ። «የእኛ አገር ካርድ ነው፣ ማዕድን አልሠራም» የሚለው ወሬ አያሳስትሽ። ደግሞ 580 ተብሎ የሚሸጥ ግን 2048 ኮር ብቻ ያለው የቻይና ቅጂ አለ። እውነተኛው 2304 አለው።

1660 ሱፐር መጥፎ ካርድ አይደለም። ቱሪንግ ስለሆነ የተከፈተው የከርነል ግማሽ ይሠራለታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ታላቅ ወንድሙ የሆነው ጂቲኤክስ 1060 ይህን ዕድል አላገኘም፤ የእሱ ትውልድ በ580ኛው የድራይቨር ቅርንጫፍ ላይ አበቃ። (የድራይቨሩ ቁጥርና የኤኤምዲው ካርድ ቁጥር መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነገር ነው፣ አትደናገሪ።) ብሌንደር በኩዳ ያለ ጣጣ ይሠራልሻል። ቪዲዮ የሚጨምቀው ክፍል፣ ኢንኮደሩም፣ ጎበዝ ነው። ኡቡንቱ ደግሞ ድራይቨሩን ራሱ አዘጋጅቶና ፈርሞ ስለሚልክ አብዛኛውን ቀን ድራይቨሩ ትዝ አይልሽም። ትዝ የሚልሽ ከርነል በተቀየረ ጠዋት ነው። ድክመቱ 6 ጊጋው ነው። ዛፍና ሣር የበዛበት የግቢ ሥዕል ስትከፍቺ ሜሞሪው ይሞላብሻል።

አርኤክስ 6600 ከሦስቱ የምመርጠው ነው። በጥቅምት 2021 ሲወጣ የተቆረጠለት ዋጋ 329 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው አርቲኤክስ 3060ም መነሻ ዋጋው ያው 329 ነበር። ያገለገለ ገበያ ላይ ግን 6600 ረከስ ብሎ ይገኛል። ለምን? ሰው የኤንቪዲያን ስም ስለሚፈልግ ነው። ላንቺ ይህ ጥሩ ዜና ነው። የብር ቁጥር አልጽፍልሽም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ ነገ ያሳፍረኛል። የምለካው እንዲህ ነው፦ 6600 ከ1660 ሱፐር በሲሶ ቢወደድ እንኳ ውሰጂው። በእጥፍ ከተወደደ ተዪው።

6600 ላይ ኡቡንቱን ስትከፍቺ ሁሉም ነገር ተጭኖ ታገኚዋለሽ። የብሌንደር መመልከቻ፣ ፈጣኑ የብሌንደር ሞተር ኢቪ፣ ኬደንላይቭ፣ ቢያምርሽ ጌምም ጭምር። ሳይክልስ ብቻ አንድ ተጨማሪ እርምጃ ይጠይቃል፤ የኤችአይፒን ላይብረሪ ለብቻው መጫን አለብሽ። እሱም ክፍት ኮድ ነው። አንዴ ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሐቁን ለመናገር ግን በሳይክልስ ሬንደር ኤንቪዲያ በኦፕቲክስ ይበልጣል። በሰፊው ይበልጣል። እንጀራሽ ሙሉ በሙሉ ሬንደር ከሆነ፣ ደንበኛ በየቀኑ ሥዕል የሚጠብቅሽ ከሆነ፣ ክፍት ድራይቨር ወዳድ ብሆንም አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋውን ፈልጊ እልሻለሁ። 170 ዋት ነው፣ ፓወር ሰፕላይሽን በዚያ ልክ አስቢ። ካንቺ ጽሑፍ የገባኝ ግን ሬንደር በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ እንደሆነ ነው። ለዚያ 6600 ይበቃል።

ስለ ዳቪንቺ ሪዞልቭ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ነፃው የሊኑክስ ቅጂ ኤች 264 እና ኤች 265 ቪዲዮ አይከፍትም። ስልክሽ የሚቀርጸው ደግሞ እነሱን ነው። ምንም ካርድ ብትገዢ ይህ አይቀየርም። እያንዳንዱን ፋይል አስቀድመሽ መለወጥ አለብሽ። በኬደንላይቭ ከተመቸሽ እዚያው ቆዪ።

አሁን ወደ ሁለቱ መንገዶች።

የመጀመሪያው ፓወር ሰፕላዩን መቀየር ነው። ስሙ የታወቀ 450 ወይም 500 ዋት ያለው ለ6600 ከበቂ በላይ ነው። የዴል ማዘርቦርድ መሰኪያ ግን ከተለመደው ባለ 24 እግር ይለያል። የራሱ መቀየሪያ ገመድ ያስፈልገዋል። ይህኛው ገመድ ቅድም እምቢ በይ ያልኩሽ ዓይነት አይደለም፤ ደህና ነው። ዋጋውም ትንሽ ነው። ይልቅ የሚያስቸግረው ማግኘቱ ነው። ድሮ ፒያሳ ሁለት ሦስት ሱቅ ዞሬ አገኘው ነበር። ኮሪደር ልማቱ መጥቶ ሱቆቹ ተበታትነዋል። አሁን መገናኛ ነው የምልከው፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው እለምናለሁ። ገመዱን ሳታገኚ ካርዱን አትግዢ። ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ የካርዱን ርዝመት በሜትር ለኪ። ባለ ሁለት ፋን አጭሩን ፈልጊ፤ የዴል ሳጥን ውስጥ ሃርድ ዲስክ መያዣው መንገድ ይዘጋል።

ሁለተኛው መንገድ ሳጥኑን እንዳለ መተው ነው። እዚህ ላይ ምርጫው ይጠባል። አርኤክስ 6400 53 ዋት ብቻ ይበላል፣ ድራይቨሩም ክፍት ነው። ግን አልመክርሽም። ቪዲዮ ኢንኮደር የለውም። በአራት መስመር ብቻ ነው ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያወራው፤ ያንቺ ማሽን የካርድ መስመር ደግሞ የፒሲአይ ኤክስፕረስ 3ኛው ትውልድ ስለሆነ እነዚያም አራቱ በግማሽ ፍጥነት ይሄዳሉ። የኢንቴል አርክ ኤ380 በወረቀት ላይ ያምራል፤ 6 ጊጋ፣ ክፍት ድራይቨር፣ ምርጥ ኢንኮደር። ነገር ግን ሪሳይዘብል ባር የሚባለውን፣ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲያይ የሚያደርገውን ነገር ካላገኘ ይንቀረፈፋል፣ ያንቺ ዴል ደግሞ የለውም። አዲስ ማዘርቦርድ ላለው ሰው ግን ኢንቴልን እንዲያይ እነግረዋለሁ፤ ባለ 12 ጊጋው ቢ580 በ249 ዶላር ነበር የወጣው።

ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚቀርሽ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው ነው። 70 ዋት ነው፣ ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም። አዎ፣ ኤንቪዲያ ነው። ምን ይደረግ። ባለ 8 ጊጋው 3050 ሌላ ካርድ ነው፤ እሱ 130 ዋት ይፈልጋል። ሻጮች ሁለቱን ያምታታሉ፣ አንቺ አታምታቺ። ጎኑ ላይ የገመድ መሰኪያ ካየሽበት ያንቺ አይደለም።

እኔ ብሆን የመጀመሪያውን መንገድ እሄዳለሁ። የፓወር ሰፕላይ ዕድሜ ከካርድ ይረዝማል፤ ነገ ሌላ ሳጥን ብትገዢ ይዘሽው ትሄጃለሽ። የእኛ መብራት ደግሞ እንደምታውቂው ነው። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ የቮልቴጁን መውጣትና መውረድ ይችለዋል። ዩፒኤስ ካለሽ ካርዱን ከጨመርሽ በኋላ በሬንደር ሰዓት ይሸከም እንደሆነ ሞክሪ፤ አነስተኞቹ ይጮሁና ይጠፋሉ።

ልትገዢ ስትሄጂ ላይቭ ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ያዢ። አዲሱን ይሁን። የብሌንደር ፕሮግራሙንና አንድ ከባድ ፋይልሽን በሌላ ፍላሽ ያዢ። ሻጩ የሱቁን ኮምፒውተር በፍላሽሽ ያስነሳልሽ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ስለ ሲስተሙ የሚለውን ክፈቺ፤ የካርዱ ስም በቀጥታ ይታያል። ካርቶኑ 6600 ብሎ ስክሪኑ ሌላ ካለ ሰላም ብለሽ ውጪ። ዊንዶውስ ላይ የውስጥ ፕሮግራማቸው (ባዮሳቸው) ተቀይሮ በሐሰት ስም የሚታዩ ካርዶች አሉ። እዚህ ግን እንዲህ ማታለል ይከብዳል። ከዚያ ፋይልሽን በኢቪ ክፈቺና እያዞርሽ አሥራ አምስት ደቂቃ አሠሪው። ፋኑን በጆሮሽ ስሚ። የሚንጫጫ ወይም እንደ ብስክሌት ሰንሰለት የሚኮሽኮሽ ከሆነ ዋጋ አስቀንሺ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም የተቀደደ ቀለም ካየሽ ግን በነፃም አትውሰጂው።

«መብራት የለም፣ ቤትሽ ሞክሪው» ቢልሽ መብራት እስኪመጣ ማኪያቶ ጠጪና ተመለሺ። ተስማምተሽ ስትከፍዪ ደግሞ ሲሪያል ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ አስጽፊ፤ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሳይሆን ካርዱ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን።